የዣን ዳርክ ሕይወትና ከሞቷ በኋላ ቤተሰቧ ያቀረበው የፍርድ አቤቱታ

መግቢያ

በወንጀል የተከሰሰ ሰው ሲሞት ክሱም አብሮት ይቋረጣል የሚለው መርሕ በብዙ አገሮች ሕግ የታወቀ ነው። ሙት አይታሰርም፣ አይቀጣም፤ ስለዚህ መርሑ ምክንያታዊ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሰው ከሞተ በኋላም የሚቀሩ ነገሮች አሉ፤ ስሙ፣ ወላጆቹና ልጆቹ፣ ወንድሞቹና እኅቶቹ፣ ርስቱና ማዕረጉ ይቀራሉ። ሟቹ ወንጀለኛ ተብሎ ተፈርዶበት ከሆነ ነቀፌታውን ተሸክመው የሚኖሩት እነዚሁ ዘመዶቹ ናቸው። ታዲያ ዘመዶች በሟቹ ስም ወደ ፍርድ አደባባይ ለመቅረብ ምን መብት አላቸው? ቢቀርቡስ ምን ብለው ይጠይቃሉ? ፍርድ ቤቱስ ምን ሊሰጣቸው ይችላል?

ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄዎቹን የሚመረምረው በፈረንሳዊቷ በዣን ዳርክ የሕይወት ታሪክ አማካይነት ነው። ዣን በ1431 መናፍቅ ተብላ በእሳት ተቃጠለች። ከ25 ዓመታት በኋላ በእናቷና በወንድሞቿ ስም የቀረበ አቤቱታ ያንን ፍርድ አስሽሯል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው፤ አቤቱታው የተሳካው የዣንን ቅድስና ለማስመስከር ስላልሞከረና ጥያቄውን በፍርዱ ሥነ ሥርዓት ጉድለት ላይ ብቻ ስለወሰነ ነው። ይኸው ጥንቃቄ ግን ዋጋ ነበረው፤ ለሞቷ ተጠያቂ ሆኖ የተቀጣ ሰው አልነበረም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዶምሬሚ እስከ ሬምስ

ዣን በ1412 ገደማ በሞዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዶምሬሚ መንደር ተወለደች። አባቷ ዣክ ዳርክ የሚባል ገበሬ ሲሆን እናቷ ኢዛቤል ሮሜ ትባላለች። ሦስት ወንድሞችና አንዲት እኅት ነበሯት። ጸሎትንና የእጅ ሙያን ከእናቷ ተማረች፤ መፍተልና መስፋት ትችል ነበር፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም።

የተወለደችበት ዘመን ፈረንሳይ በእንግሊዝ ጦርና በእርስ በርስ ጦርነት የተከፈለችበት ነበር። በ1420 በተፈረመው የትሯ ውል የፈረንሳይ ንጉሥ ልጅ ሻርል ከአልጋ ወራሽነት ተነቅሎ ዘውዱ ለእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤት እንዲተላለፍ ተወሰነ። በ1422 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 5ኛና የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 6ኛ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሲሞቱ፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሄንሪ 6ኛ የሁለቱም አገሮች ንጉሥ ተባለ። ፓሪስና ሰሜን ፈረንሳይ በእንግሊዞችና በአጋራቸው በቡርጎኝ መስፍን እጅ ነበሩ። ሻርል ከሎዋር ወንዝ በስተ ደቡብ ያለውን ግዛት ይዞ፣ ቅብዐ መንግሥት ሳይቀበል ቆየ።

ዣን በ13 ዓመቷ ገደማ ድምፆች መስማት እንደጀመረች ኋላ ለዳኞቿ ተናግራለች፤ ድምፆቹ የቅዱስ ሚካኤል፣ የቅድስት ካተሪንና የቅድስት ማርጋሬት እንደሆኑም አስረድታለች። በ1429 መጀመሪያ በአቅራቢያዋ በምትገኘው ቮኩለር የጦር አዛዥ የነበረውን ሮቤር ደ ቦድሪኩርን አሳምና፣ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ በጥቂት አጃቢዎች ታጅባ ወደ ሻርል ቤተ መንግሥት ወደ ሺኖን ተጓዘች። ሻርል ወዲያው አላመናትም፤ ወደ ፑዋትዬ ልኮ በሥነ መለኮት ሊቃውንት አስመረመራት። ሊቃውንቱ በእምነቷም ሆነ በምግባሯ ክፉ ነገር አላገኙባትም። ይህ ምርመራ ለኋላው ክርክር ጠቃሚ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንድ ጊዜ መርምረው ነቀፋ ያላገኙባትን ልጅ ሌሎች የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ መናፍቅ ብለዋታልና።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት የተከናወነ ነው። ከጥቅምት 1428 ጀምሮ ተከባ ወደነበረችው ኦርሌያን ዣን በሚያዝያ 1429 መጨረሻ ገባች፤ እንግሊዞች ግንቦት 8 ቀን ከበባውን ትተው ሄዱ። ሰኔ 18 ቀን የፈረንሳይ ጦር በፓቴ ድል አደረገ። ሐምሌ 17 ቀን ሻርል 7ኛ በሬምስ ካቴድራል ተቀብቶ ነገሠ። ከወንድሞቿ ፒየርና ዣን በዘመቻው አብረዋት ነበሩ። በታኅሣሥ 1429 ንጉሡ ለእርሷና ለመላው ቤተሰቧ የመኳንንትነት ማዕረግ ሰጠ። በመሆኑም የገበሬው የዣክ ዳርክ ቤተሰብ ክብር ከዚህች ልጅ ስም ጋር ተቆራኘ፤ ስሟ ሲወድቅ የቤተሰቡም ክብር አብሮ የሚናጋ ሆነ።

የሩዋን ፍርድ

መስከረም 1429 በፓሪስ ላይ የተደረገው ጥቃት ከሸፈ። ግንቦት 23 ቀን 1430 ዣን በኮምፒየኝ ከተማ አጠገብ በቡርጎኝ ወታደሮች ተማረከች፤ ወንድሟ ፒየርም አብሯት ተያዘ። እንግሊዞች 10,000 የቱር ሊቭር ከፍለው ተረከቧትና የኖርማንዲ ዋና ከተማ ወደሆነችው ሩዋን ወሰዷት።

ፍርዱ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ እንዲሆን ተወሰነ። የተማረከችው በቦቬ ሀገረ ስብከት ነው በሚል ምክንያት የቦቬው ጳጳስ ፒየር ኮሾን ዋና ዳኛ ሆነ፤ የሃይማኖት መርማሪው ምክትል ዣን ለሜትር አብሮት ተሰየመ። ኮሾን የእንግሊዙ ንጉሥ አማካሪ ነበር። ችሎቱ የተቀመጠው ከራሱ ሀገረ ስብከት ውጭ ስለሆነ ከሩዋን ካቴድራል ካህናት ጉባኤ ልዩ ፈቃድ መቀበል አስፈልጎታል። ሥራው በጥር 1431 ተጀመረ፤ ዣን በአደባባይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቀችው የካቲት 21 ቀን ነው።

በሂደቱ ውስጥ ኋላ ለቤተሰቧ ክርክር መሠረት የሆኑ ጉድለቶች ታዩ። በቤተ ክርስቲያን ፍርድ የምትዳኝ ተከሳሽ በቤተ ክርስቲያን እስር ቤት፣ በሴቶች ጥበቃ ሥር መቆየት ሲገባት፣ ዣን በሩዋን ግንብ ውስጥ በእንግሊዝ ወታደሮች እየተጠበቀች በእግር ብረት ታሰረች። ዕድሜዋ 19 ዓመት ገደማ ቢሆንም በምርመራው ወቅት ጠበቃ አልቆመላትም። ዐቃቤ ክሱ ዣን ዴስቲቬ ያዘጋጃቸው 70 የክስ አንቀጾች ወደ 12 ተጨምቀው ለፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት አስተያየት ሲላኩ፣ እርሷ የሰጠቻቸው መልሶች በትክክል አልሰፈሩም። ጉዳይዋ ወደ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እንዲመራላት ብትጠይቅም ዳኞቹ አልተቀበሏትም።

ግንቦት 24 ቀን በሴንት ኡዋን መካነ መቃብር እሳት እንደሚጠብቃት እየተነገራት የእምነት ክህደት ሰነድ ላይ ምልክቷን አኖረች፤ የዕድሜ ልክ እስራትም ተፈረደባት። በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደገና የወንድ ልብስ ለብሳ ተገኘች። ዳኞቹ ይህንን ወደ መናፍቅነት እንደመመለስ ቆጥረው ለዓለማዊው ሥልጣን አሳልፈው ሰጧት። ግንቦት 30 ቀን 1431 በሩዋን አሮጌው ገበያ በእሳት ተቃጠለች። ዓለማዊው ዳኛ የራሱን ፍርድ ሳይሰጥ ወደ እሳቱ እንደተወሰደች በስፍራው የነበሩ ምስክሮች በኋላ ተናግረዋል። አመዷ ወደ ሴን ወንዝ ተጣለ፤ ቤተሰቧ የሚያለቅስበት መቃብር እንኳ አልተወለትም።

ሙት በፍርድ ፊት

የዚያ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሕግ በሞት የሚያበቃ አልነበረም። የኑፋቄ ክስ ከሞት በኋላም ሊቀርብ ይችል ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ዊክሊፍ በ1384 ቢሞትም በ1415 የኮንስታንስ ጉባኤ መናፍቅ ብሎ ፈረደበት፤ በ1428 ደግሞ ዐፅሙ ከመቃብር ወጥቶ ተቃጠለ። የኑፋቄ ፍርድ ከተከሳሹ አልፎ በዘመዶቹ ላይ የስም ነውር ያሳድር ነበር። የሕጉ ሌላ ገጽታም ከዚሁ የሚመነጭ ነው፤ ሙት ሊከሰስ የሚችል ከሆነ ስለ ሙትም ሊከራከሩለት ይቻላል። ነውሩ የሚደርስበት ዘመድም በጉዳዩ ጥቅም ያለው ሰው ነው ማለት ነው።

የሆነው ሆኖ አቤቱታው ለመቅረብ ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። ሩዋን እስከ 1449 በእንግሊዞች እጅ ስለነበረች የችሎቱ መዝገቦችና አብዛኞቹ ምስክሮች ከቤተሰቡ ርቀው ነበር። አባትየው ከልጁ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ኢዛቤል በ1440 ገደማ ወደ ኦርሌያን ተዛወረች፤ ከተማዋም ልጇ ለሠራችው ውለታ ጡረታ ቆረጠችላት። የወንድሞቹ ሁኔታም ያልተጣራ ነበር። በ1436 አንዲት ሴት ከእሳት የተረፈችው ዣን ነኝ ብላ ስትነሣ ሁለቱ ወንድሞች እኅታችን ናት ብለው ተቀብለዋት ነበር። ይህ በሐዘን ይሁን በጥቅም የተደረገ ለመለየት ያስቸግራል፤ ነገር ግን የዣን ስም ምንኛ ለልዩ ልዩ ጥቅም ክፍት ሆኖ እንደቆየ ያሳያል።

ሦስት ምርመራዎችና አንድ ከሳሽ

ሻርል 7ኛ በኅዳር 1449 ሩዋን ገባ። ዘውዱን የደፋው በመናፍቅ እርዳታ ነው መባሉ ለክብሩ ጎጂ ስለነበር፣ የካቲት 15 ቀን 1450 ጊዮም ቡዬ የተባለ የሥነ መለኮት ሊቅ ፍርዱን እንዲመረምር አዘዘ። ቡዬ መጋቢት 4 እና 5 ቀን ሰባት ምስክሮችን ሰማ። ምርመራው ጠቃሚ ቃሎችን ቢያስገኝም ንጉሡ የቤተ ክርስቲያንን ፍርድ የመሻር ሥልጣን ስላልነበረው ከዚያ አላለፈም።

ሁለተኛው ምርመራ በ1452 የተካሄደው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ መልእክተኛ በካርዲናል ጊዮም ዴስቱትቪልና በፈረንሳዩ የሃይማኖት መርማሪ በዣን ብሬአል ነው። ይህኛው የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ነበረው፤ ሆኖም ፖለቲካዊ ችግር ገጠመው። የፈረንሳይ ንጉሥ ጠይቆ ፍርዱ ቢሻር እንግሊዝን በአደባባይ እንደመኰነን ይቆጠር ነበር፤ ሮም ደግሞ ሁለቱንም መንግሥታት ላለማስቀየም ትጠነቀቅ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ከሳሹን በመለወጥ ነው። ጉዳዩ የንጉሥ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ስማቸው የተጐዳ የአንዲት እናትና የሁለት ወንድሞች ጉዳይ ሆኖ ቀረበ። አቤቱታው በኢዛቤል፣ በፒየርና በዣን ስም ወደ ሮም ተላከ። ኒኮላስ 5ኛ በመጋቢት 1455 ከሞተ በኋላ የተተካው ካሊክስቶስ 3ኛ ሰኔ 11 ቀን 1455 አቤቱታውን ተቀብሎ ሦስት ዳኞችን ሰየመ፤ እነርሱም የሬምሱ ሊቀ ጳጳስ ዣን ዡቬናል ዴዙርሳን፣ የፓሪሱ ጳጳስ ጊዮም ሻርትዬና የኩታንሱ ጳጳስ ሪሻር ኦሊቪዬ ነበሩ። ብሬአልም መርማሪ ሆኖ አብሯቸው ተቀመጠ።

ከዚህ የምንረዳው ቤተሰቡ ለንጉሡ ሽፋን ብቻ እንዳልነበረ ነው። በርግጥ የንጉሡ ድጋፍ ባይኖር አንዲት የገበሬ መበለት እስከ ሮም የሚደርስ ክርክር ማንቀሳቀስ ያዳግታት ነበር። ነገር ግን የንጉሡ ኃይል በሕግ ፊት ያልነበረውን አንድ ነገር ቤተሰቡ ይዞ ነበር፤ ይኸውም ክስ ለማቅረብ የሚያበቃ የግል ጉዳት ነው። የሁለቱ ወገኖች መደጋገፍ እንጂ የአንዱ ብቻ ጥረት ጉዳዩን አላቆመውም።

ክርክሩ

ኅዳር 7 ቀን 1455 ኢዛቤል ሮሜ በፓሪስ ኖትር ዳም ካቴድራል በዳኞቹ ፊት ቀረበች። ልጇ በክርስትና ያደገች መሆኗን፣ ጠላቶቿ ያለ አግባብ እንደከሰሷትና እንዳስገደሏት በመግለጽ ፍትሕ እንዲሰጣት ጠየቀች። የተሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ስለበዛ ዳኞቹ አሮጊቷን ይዘው ወደ ካቴድራሉ ዕቃ ቤት ገብተው ለማዳመጥ ተገደዱ። በታኅሣሥ ወር ችሎቱ ወደ ሩዋን ተዛወረ። ፒየር ሞዥዬ በጠበቃነት፣ ጊዮም ፕሬቮስቶ በወኪልነት ለቤተሰቡ ቆሙ።

ተከሳሾች ሆነው የተጠሩት ኮሾን፣ ዴስቲቬና የመርማሪው ምክትል ነበሩ። ኮሾን በ1442 ሞቷል፤ ዴስቲቬም በሕይወት አልነበረም። ስለዚህ መጥሪያው ለኮሾን ወራሾችና በቦቬ ለተተካው ጳጳስ ተላለፈ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ፤ በአንድ ችሎት ፊት ሁለት ቤተሰቦች ስለ ሁለት ሙታን እንዲናገሩ ተጠየቁ። የዣን ቤተሰብ የሟቿን ስም ለማንጻት ሲቀርብ፣ የኮሾን ወራሾች ግን የቀድሞውን ፍርድ ለመከላከል ፍላጎት እንደሌላቸው ለዳኞቹ አሳወቁ፤ የጠየቁት ንጉሡ ኖርማንዲን ሲይዝ ያወጀው ምሕረት እነርሱንም እንዲጠብቃቸው ብቻ ነበር። ንብረታቸውን ለማዳን የዘመዳቸውን ስም ተዉት። በዚህም ምክንያት የ1431ን ፍርድ ደግፎ የተከራከረ ወገን አልነበረም።

ይህ የክርክሩን መዝገብ ለሚጠቀም ተመራማሪ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። በዶምሬሚና በአካባቢዋ፣ በኦርሌያን፣ በፓሪስና በሩዋን 115 ያህል ምስክሮች ተሰምተዋል። የዶምሬሚ ጎረቤቶቿ ስለ ልጅነቷ፣ የኦርሌያኑ ዱኑዋና የአላንሶን መስፍን ስለ ዘመቻዋ ተናገሩ። የሩዋኖቹ ምስክሮች ግን ብዙዎቹ በ1431 ችሎት ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የችሎቱ ጸሐፊ ጊዮም ማንሾን ቃለ ጉባኤውን ሲጽፍ ስለደረሰበት ጫና መስክሯል። እነዚህ ሰዎች ጥፋቱን በሞቱት በኮሾንና በዴስቲቬ ላይ ማሳረፍ ይቀላቸው ነበር፤ ሙታኑ መልስ አይሰጡምና። ስለዚህ ስለ ፍርሃትና ስለ ማስገደድ የተሰጡት ቃሎች ሐሰት ናቸው ባይባልም፣ ከምስክሮቹ የግል ጥቅም ጋር ተመዝነው መነበብ አለባቸው።

የቤተሰቡ ጠበቆች በምስክር ቃል ብቻ አልተመኩም። የዳኛውን ጥላቻና የዳኝነት ሥልጣኑን፣ የእስር ቤቱን ሁኔታ፣ የጠበቃ አለመኖርን፣ ሰሚ ያጣውን የይግባኝ ጥያቄ፣ ከመልሶቿ ጋር የማይገጥሙትን 12 አንቀጾች በየተራ አነሡ። የክህደት ሰነዱን በተመለከተ ምስክሮች የተነበበላት ጽሑፍ ጥቂት መስመሮች ብቻ እንደነበሩት ሲናገሩ፣ በመዝገቡ የተገኘው ግን ረጅም ነበር። ከእነዚህ ነጥቦች አብዛኞቹ በራሱ በ1431 መዝገብ ሊመሳከሩ የሚችሉ ናቸው። የክርክሩ ጥንካሬም በዚህ ላይ ነው፤ ከሳሾቿ ያዘጋጁት መዝገብ ራሱ ምስክር ሆነባቸው።

ፍርዱና ወሰኑ

ሐምሌ 7 ቀን 1456 በሩዋን በሊቀ ጳጳሱ አዳራሽ ፍርድ ተነበበ። ዳኞቹ የ1431ን የፍርድ ሂደትና ውሳኔዎች በማታለልና በስሕተት የተሞሉ፣ ዋጋ የሌላቸውና ውድቅ መሆናቸውን ገለጹ፤ ዣንም ሆነች ዘመዶቿ ከዚያ ፍርድ የተነሣ ምንም የስም ነውር እንዳልደረሰባቸው አወጁ። የክሱ አንቀጾች ቅጂ በአዳራሹ ውስጥ ተቀደደ። ውሳኔው በዚያው ቀን በሴንት ኡዋን፣ በማግስቱ ደግሞ በተቃጠለችበት በአሮጌው ገበያ በአደባባይ እንዲነበብ፣ በስፍራውም መታሰቢያ መስቀል እንዲተከል ታዘዘ። ነውሩ በአደባባይ እንደተሰጠ ሁሉ መነሣቱም በአደባባይ ሆነ።

ፍርዱ ያልሰጠውም ነገር አለ። ድምፆቹ ከእግዚአብሔር ናቸው ወይም አይደሉም አላለም፤ ቅድስት ናትም አላለም። በሕይወት ከነበሩት የቀድሞ ችሎት ተሳታፊዎች አንዱንም አልቀጣም። የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ስለሰጡት አስተያየት ጥፋቱ በዩኒቨርሲቲው ላይ ሳይሆን በተላከላቸው የተዛባ ጽሑፍ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። ንጉሡም ዣን በታሰረችባቸው ወራት ሊያስለቅቃት ምን እንዳደረገ የጠየቀው አልነበረም። ኢዛቤል ሮሜ ፍርዱን ካየች በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ ብዙ አልኖረችም፤ በ1458 ዐረፈች። ዣን ብፅዕት የተባለችው በ1909፣ ቅድስት የተባለችው ደግሞ በ1920 ነው፤ ይህም ከእናቷ አቤቱታ የተለየ፣ በሌላ ሥርዓት የተካሄደ ጉዳይ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ዘመድ በሟች ስም የመከራከር መብቱ የሚመሠረተው በራሱ ላይ በደረሰ ጉዳት ላይ ነው፤ የዣን ቤተሰብ የቀረበው ነውሩ የነካው ወገን ሆኖ ነው። ሁለተኛ፣ ሟች ተመልሶ ስለማይጠየቅ ፍርድ ቤት በበለጠ እርግጠኝነት ሊመረምር የሚችለው የቀድሞውን ሂደት ነው። ሦስተኛ፣ የሥነ ሥርዓት ክርክር ሰፊ በር የሚከፍት ቢሆንም ጥፋተኛውን የሚያገኝ መንገድ አይደለም፤ ውድቅ የሆነ ፍርድ ማን እንዳጠፋ አይናገርም።

ይህ አካሄድ በ15ኛው መቶ ዓመት ብቻ የቀረ አይደለም። በእንግሊዝ ዴሬክ ቤንትሊ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት በጥር 1953 በስቅላት ተቀጣ። እኅቱ ለአሥርት ዓመታት ስትሟገትለት ኖራ በ1997 ዐረፈች፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የጥፋተኝነት ውሳኔውን የሻረው በሐምሌ 1998 ነው። የመሻሩ ዋና ምክንያት ዳኛው ለዳኝነት ጉባኤው የሰጠው ማብራሪያ ተከሳሹን ፍትሐዊ ፍርድ ያሳጣ መሆኑ ነበር። በሁለቱ ጉዳዮች መካከል ከ500 ዓመታት በላይ ቢኖርም ዘመዶቹ የተጓዙበት መንገድና ያገኙት መፍትሔ ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ በኢዛቤል ሮሜ ዘመን ጉዳዩን ወደ ችሎት ለማድረስ የአንድ ንጉሥ ፈቃድና የአንድ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ትእዛዝ ማስፈለጉ ነው። ዛሬ የሟች ዘመዶች አቤቱታ በሕግ የተደነገገ መብት ይሁን ወይስ በባለሥልጣን መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ የሚለው፣ የየአገሩን ሕግ የሚያጠና ተመራማሪ በቅድሚያ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ ነው።